ፊደል፣ ሜዳ፣ ጓዳ፣ ዝም

ፀሐይ ሲያግለው የዋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ድንገት ደመና ሲጋርደው ቋ፣ ቋ ይላል። ሰምተሽው ታውቂያለሽ? ሙቀቱ ሲለቀው ነው መሰለኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚሁ ባሕር ዳር ቤቴ ውስጥ ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ ጣሪያችን እንዲያ አለ። እኔም ሳላስበው የያዝኩትን ጥዬ ተነሣሁና "ልጆች ግቡ፣ ሊዘንብ ነው" አልኩ። ልጆቼ ግን ድሮውንም ውስጥ ነበሩ፤ ሶፋው ላይ ተጋድመው ስልክ ያያሉ። ትልቋ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።

በቀደም ቢሮ ውስጥ "ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ቤት ምን ታደርጊያቸዋለሽ?" ብለሽ ስትጠይቂኝ "እንደ ሁኔታው ነው" ብዬሽ አለፍኩ። ቃሉ የእናቴ ነው። ያኔውኑ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ሰው ሲበዛ ተውኩት።

እናቴና አባቴ የጎጃም ልጆች ናቸው። ሰቆጣ የገባነው እነሱ እዚያ ስለተመደቡ ነው። እናቴ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነበረች፣ አባቴ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም። ክረምት ሲገባ እሱን ወደ ሰሃላ ይልኩታል። በዚያን ጊዜ ወደዚያ መኪና እንዲህ በቀላሉ አይሄድም። መድኃኒቱን በበቅሎ አስጭኖ በእግሩ ይሄዳል፤ አንዴ ከሄደ ደግሞ ወንዞቹ ስለሚሞሉ ዝናቡ ካላለፈ አይመለስም። እኔ አስረኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ወንድሜ አምስት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል።

የተከራየነው ቤት በድንጋይ ካብ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነበር፤ በካቡ ዙሪያ በለስ በቅሏል። አከራያችን ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ነበሩ፤ "እማማ" እንላቸዋለን። ከፍየሎቻቸውና ከጎረቤት ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንኛ ያወራሉ፣ ከእኛ ጋር ደግሞ የራሱ ዜማ ባለው አማርኛ። የልጅ ልጃቸው የልብ ጓደኛዬ ነበረች። ትምህርት እንደተዘጋ ግን አጎቷ መጥቶ ለአረም ወደ ፃግብጂ ወሰዳት። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ገጠር ዘመድ ነበረው፤ አንዱ አያቱ ጋ፣ ሌላው አበርገሌ አክስቱ ጋ እያለ ተበተነ። ኳስ ይመታበት የነበረው ሜዳ ላይ አህዮች ይግጡ ጀመር። ዘመድ የሌለን እኛ ቀረን።

እናቴ ሠራተኛ ፈልጋ አጣች። በክረምት እጅ ያለው ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው። ስለዚህ እኔና ወንድሜን አልጋው ላይ አስቀመጠችንና የቀናችንን ፕሮግራም ነገረችን። በሰዓት የተከፋፈለ ነበር፤ ቁርስ በዚህ ሰዓት፣ ንባብ በዚህ ሰዓት፣ ውጭ መጫወት ከዚህ እስከዚህ። የአባቴን የጠረጴዛ ሰዓት መደርደሪያው ላይ አቆመችልኝ።

"አንቺ ሰዓት ትቆጥሪያለሽ፤ አንቺ ትመሪዋለሽ" አለችኝ።

እሳት እንዳንነካ እማማን አደራ አለቻቸው። "ጆሮዎን ብቻ ጣል ያድርጉባቸው" ስትላቸው፣ "አይዞሽ ሲስተር፣ አለሁ" አሉ እማማ፣ "እንቅልፍ ካልጣለኝ።"

ፕሮግራሙ ሳምንትም አልቆየ። የሰቆጣ ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይቆይና ከተራራው ጀርባ ድንገት ይወርዳል። አንድ ቀን ልክ የጨዋታ ሰዓታችን ሲገባ ያዘንበው ጀመር። ወንድሜ "ሰዓቱ ነው፣ ልውጣ" አለ፣ እኔ "ዝናብ ነው" አልኩ፣ እሱ "ሰዓቱ ነው ብለሻል" ብሎ ወጣ። እናቴ ስትመጣ እሱ ከእግር እስከ ራሱ ርሶ በር ላይ ቆሟል፣ እኔ ሰዓቱን አቅፌ አለቅሳለሁ። ጃንጥላዋን እንደያዘች አየችንና ሳቀች። የደከመው ሰው ሳቅ ነበር። ወንድሜን በፎጣ እያደረቀች "ሰዓቱ ይቅር" አለች። "ዝናቡ የእኛን ሰዓት አያውቅም። የኔም ፈረቃ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ምን ከምን በኋላ እንደሚመጣ ብቻ እንወቅ። ሌላው እንደ ሁኔታው ነው።"

ከዚያ በኋላ ቀናችን የተዋቀረው በስም ሆነ። ስሞቹን ያወጣው ወንድሜ ነው። መጀመሪያ "ሥራ" ነበር፤ እኔ እጠርጋለሁ፣ እሱ ምስር ይለቅማል፣ የለቀመውን ድንጋይ ሁሉ ለእማማ ወስዶ ያሳያል። ቀጥሎ "ፊደል"። እኔ አስተማሪው ነኝ። ዱላ የለኝም፤ አንድ ጊዜ ጭራሮ ይዤ ብመጣ እማማ ከደጃቸው ሆነው "ተይ፣ ፊደሉን ታስፈሪበታለሽ" አሉኝና ጣልኩት። ከዚያ "ሜዳ"፣ ማለት ግቢው። ለሁለት ልጆች በጣም ሰፊ ግቢ ነበር። ድብብቆሽ ሁለት ሆነሽ ተጫውተሽ ታውቂያለሽ? ፈላጊው ያው አንድ፣ የሚፈለገውም ያው አንድ ነው፤ ቶሎ ያልቃል።

ጣሪያው ቋ ሲል "ሜዳ" ያበቃና "ጓዳ" ይጀመራል። ጠረጴዛው ላይ የአባቴን ጋቢ እናለብስና ሥሩ እንገባለን። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ጆሮ ይደፍናል፣ የምንነጋገረው አፋችንን አንዳችን የሌላችን ጆሮ ላይ አስጠግተን ነው። ትንፋሹ ይሞቀኝ ነበር። የጋቢው የጭስና የላብ ሽታ፣ ከበሩ ሥር የሚገባው የርጥብ አፈርና የፍየል ሽታ አሁንም ይመጣብኛል። እዚያ ውስጥ ሆነን አባታችን የት እንደደረሰ እንገምታለን። ወንድሜ ሁልጊዜ "ወንዝ እየተሻገረ ነው" ይላል። እኔ "ተሻግሯል፣ አሁን እሳት እየሞቀ ነው" እለዋለሁ።

ዝናቡ "ሜዳ"ን ከበላብን ያመለጠንን ነገ እናካክሳለን፣ ወይም እንተወዋለን፤ ማንም አይቆጣም። በየቀኑ አንድ ነገር እሱ ይመርጣል፣ አንድ ነገር እኔ። እሱ የሚመርጠው ሁልጊዜ እማማ ጋ ሄዶ በኽምጣንኛ መቁጠርን መማር ነበር። እማማ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየያዙ ያስቆጥሩታል፣ አስሩን ሲጨርስ ቢላዋ አምጥተው በለስ ይልጡለታል።

ከምሳ በኋላ "ዝም" ነው። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ላይ ሳህን ደፍታ የተወችልንን እንበላና ሁለታችንም በየጥጋችን ጋደም እንላለን። ማውራት የለም። የሚያስብ ያስባል፣ እንቅልፍ የመጣበት ይተኛል። ያን ሰዓት አልወደውም ነበር። ከሩቅ የወፍጮ ቤት ድምፅ ይሰማል፣ ዝንብ ይሰማል፣ እማማ ደጃቸው ላይ ሲያንኮራፉ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ከተማው ሰው የሌለበት ይመስለኝ ነበር። ወንድሜ የሚጫወትባቸውን ቆርኪዎች ደርድሮ በሹክሹክታ ሲያናግራቸው እሰማዋለሁ። አላስቆመውም።

የመጨረሻው ስም "እማዬ" ነበር። የግቢው በር ላይ ተቀምጠን ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደውን ዳገት እናያለን። በጃንጥላዋ እንለያታለን፣ አንደኛው ዘንጉ ተሰብሮ አንድ ወገኑ ስለሚወድቅ። ፈረቃዋ ከሰዓት የሆነ ሳምንት ግን ጠዋት ቤት ትውላለች። ወንድሜ ይህን እምቢ አለ።

"እማዬ መጨረሻ ነው" አላት።

"ዛሬ መጀመሪያ ሆነ" አለችው። "እኔው ነኝ፣ አልተቀየርኩም።"

ትንሽ አስቦ እሺ አለ፤ ግን ያን ሳምንት ማታ ማታ በሩ ላይ መቀመጡን አልተወም። እኔም አብሬው ተቀመጥኩ። የሚመጣ ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከልጆቼ ጋር እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር ሞክሬ አውቃለሁ። ስም አውጡለት ብላቸው ትንሹ "ዋይፋይ፣ ምሳ፣ ዋይፋይ" አለኝ። ሳቅሁ። ልጆቼ ግቢ ሙሉ ጎረቤት አላቸው፣ በር የሚያንኳኳ ጓደኛ አላቸው። ፕሮግራም ያስፈልጋቸው እንደሆነም እንጃ።

በፍልሰታ ጾም አጋማሽ የእናቴ ታላቅ እህት ከዳንግላ መጣች። ወልድያ አድራ፣ በጭቃ ተጨማልቃ፣ ገብስ ቆሎና ማር ይዛ ነው የደረሰችው። ልጅ አልወለደችም። ሰፊ ግቢ፣ ላሞችና ሱቅ አላት። እናቴ በማግስቱ የጠዋት ተረኛ ስለነበረች "እረፊ፣ ልጆቹ አያስቸግሩሽም" ብላት ሄደች።

በጣም ደስ አለኝ። ቀናችንን የማሳየው ሰው አገኘሁ። ወንድሜ ምስሩን ለቀመ፣ ፊደሉን እስከ "በ" ድረስ ያለ ስሕተት ወጣው፣ በሜዳ ሁለት ሆነን ተደባበቅን። ጣሪያው ሲጮህ ማንም ሳይነግረው ሮጦ ገብቶ ጋቢውን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። አክስቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታያለች። መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ወንድሜ እስከ ቀትር የጾመውን ጾም ፈትቶ ምሳውን በላና ወደ ጥጉ ሄዶ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ።

"ልጁን አመመው እንዴ?" አለችኝ።

"አይ፣ 'ዝም' ነው" አልኳት በሹክሹክታ።

"እስከ መቼ?"

"እማማ ከእንቅልፋቸው እስኪነሡ።"

"ማነው ዝም በሉ ያላችሁ?"

"ማንም። ፕሮግራማችን ነው።"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። መንገድ ያደከማት መስሎኝ ትራስ አቀበልኳት። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው የገባኝ። ለምን እንደምታለቅስ ግን አልገባኝም። ምንም ያበላሸነው ነገር አልነበረም።

ማታ እናቴ የአክስቴን እግር ልታጥብ ውኃ አሙቃ ተቀመጠች። እኔ ወንድሜን አስተኛለሁ ብዬ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

"እኔ አልወለድኩም፣ ልጅ ግን አውቃለሁ" አለች አክስቴ። "በዚህ ዕድሜው ልጅ እንዲህ ዝም አይልም። ሰበረ፣ ጮኸ፣ አስቸገረ ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር።"

"ምን ላድርግ? ሥራዬን ልተው?"

"አልወቀስኩሽም። ልውሰደው ነው የምልሽ። እኔ ጋ ሰፈሩ ሙሉ ልጅ ነው። ሲጮህ ይዋል።"

ውኃው ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። 

"እሷስ?" አለች እናቴ።

"ሁለቱንም ብወስድ አንቺ ምን ትሆኛለሽ?"

እናቴ ውኃውን ደጅ ስትደፋ ሰማሁ። በመጨረሻ "እስከ መስከረም ብቻ" አለች።

ጠዋት መናኸሪያ ሸኘናቸው። ጭጋግ ነበር፤ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ሆኖ ሻንጣ ሲቀበል ድምፁ እንጂ ፊቱ አይታይም። ወንድሜ በአውቶቡስ መሄዱ አስደስቶታል። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "መኪና ውስጥ ሜዳ አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። "የለም፣ ጓዳ ብቻ ነው" አልኩት። ይህን ለአክስቴ ሊነግራት ወደ ውስጥ ዞረ፤ አውቶቡሱ ሲነሣም እንደዞረ ነበር። እናቴ ከዚያው ወደ ሥራዋ ሄደች፣ እኔ ወደ ቤት።

ፕሮግራሙን አልተውኩም። ምን ላድርግ፣ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ጠረግሁ፣ ምስሩን ራሴ ለቀምኩ። ፊደሉ ላይ ስደርስ የማስተምረው ሰው ስላልነበረ መጽሐፌን አነበብኩ፣ ጮክ ብዬ። ሜዳ ወጥቼ ካቡን ተደግፌ ቆምኩ። ሲዘንብ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ለብቻ ሲሆን ይሰፋል፤ ደግሞም ዝናቡ ያን ያህል የሚጮህ አልመሰለኝም፣ በጆሮዬ የሚናገር ሰው ስለሌለ ይሆናል። ቀኑ ሁሉ "ዝም" ሆነ። እማማ አንድ ቀን መጥተው ከበሩ ጎንበስ ብለው አዩኝ።

"ነይ ውጪ" አሉኝ። "እኔም ብቻዬን ነኝ። አብረን እንሁን።"

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት እሳቸው ደጅ እውል ነበር። ብዙም አናወራም። ጥጥ ይፈትላሉ፣ እኔ አያለሁ። አንዳንዴ "ያ ቆጣሪው መቼ ይመጣል?" ይሉኛል። "መስከረም" እላቸዋለሁ።

ለልጃገረዶቹ በዓል ለሻደይ ጓደኛዬ ከፃግብጂ መጣች። እግሯ ተሰነጣጥቆ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ በጣም አምሮባት። ወገቤ ላይ ለምለሙን የሻደይ ቅጠል አሰረችልኝና ከሴት ልጆቹ ጋር ወጣሁ። በየቤቱ ደጃፍ ዘፈንን። ግማሹ ግጥም በኽምጣንኛ ስለነበር አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው። ቅጠሉ ስንዘል ሲንሿሿ፣ ከበሮው ሲመታ፣ አንዲት ትልቅ ልጅ እጄን ይዛ ወደ መሀል ስታስገባኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ማታ ቤት ስገባ ግን እናቴ አዳር ገብታለች። የሆነውን ሁሉ የምነግረው ሰው ፈለግሁ፤ የነገርኩትን አምስት ጊዜ ድገሚልኝ የሚል። ቅጠሉን ሳልፈታ ብዙ ተቀመጥኩ።

አባቴ መስከረም ሲጠባ ተመለሰ። ጢሙ አድጓል፣ ጫማው ጭቃውን እንደተሸከመ ነው። በሰሃላ ስልክ አልነበረም፣ ማንም አልነገረውም። ገና በሩን ሲገባ አልጋውን አየና "ልጁስ?" አለ። እናቴ ነገረችው። ቁጭ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ፤ ማሰሪያው በጭቃ ደርቆ እምቢ አለው።

"ለእኔ አንድ ቃል መላክ አቃተሽ?" አላት፣ ድምፁን ሳያነሣ።

"በምን ልላክ?" አለች።

እውነቷን ነበር። እሱም ያውቃል። ማሰሪያውን በቢላዋ ቆረጠው።

ወንድሜ በመስከረም አልመጣም። መጀመሪያ መንገዱ ተበላሸ፣ ቀጥሎ እናቴ ፈቃድ ተከለከለች፣ ከዚያ አክስቴ ትምህርት ቤት አስገባሁት ብላ ላከች። ዓመቱን ይጨርስ ተባለ። እንዲህ ያለው ነገር አንድ ሰው የወሰነው አይመስልሽም፤ በየተራው ትንሽ ትንሽ ሆኖ ነው የሚሆነው። ወንድሜ አሁን ትልቅ ሰው ነው። በበዓል ይደውልልኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፣ ደግ ነው። ስለዚያ ክረምት ሳነሣበት "እኔ እኮ ሰቆጣን ምንም አላስታውስም" ይለኛል። ከጦርነቱ በኋላ ያ ቤት ይቁም ይፍረስ እኔም አላውቅም። እማማ ቀደም ብለው ማረፋቸውን ሰምቻለሁ።

ከሄደ በኋላ እንደገና ያየነው በተከታዩ ክረምት ነው። እናቴ ፈቃድ አግኝታ እሱን ልናመጣ ወደ ዳንግላ ሄድን። ስንደርስ ከአክስቴ ቀሚስ ጀርባ ተደብቆ ነበር። የፊት ጥርሱ ወልቋል፣ ወፍሯል። አክስቴ "እናትህ ናት፣ ሳማት እንጂ" ስትለው ወደ እሷ ቀና ብሎ "እማ፣ ልሂድ?" አላት። እናቴ ይህን ስትሰማ ጎንበስ ብላ የሻንጣዋን ዚፕ መክፈት ጀመረች። ለእሱ ያመጣችለትን ሹራብ አወጣች። ጠበበው።

በማግስቱ ግቢውን ሊያሳየኝ እጄን ይዞ ወጣ። ለካ የራሱ ቀን አለው። መጀመሪያ ዶሮዎቹን ከቆጥ ያወርዳል። ከዚያ ጥጃዋን ከእናቷ ለይቶ ያስራል፤ ገመዱን እንዴት እንደሚቋጥር ሁለት ጊዜ አሳየኝ። ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ የጎረቤት ልጆችን ይጠራል። ሁሉም በእሱ ዕድሜ ናቸው፣ ይጮኻሉ፣ ይገፋፋሉ። እሱ ከሁሉም በላይ ይጮህ ነበር። እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው። አክስቴ ከሱቋ በር ላይ ሆና ታየዋለች፣ እናቴ ደግሞ ከአክስቴ ጎን ቆማ ታየዋለች። ይዘነው እንደማንሄድ ያኔ አወቅሁ። እናቴ ለእኔም ለራሷም በቃል ሳትናገረው።

ድንገት ዝናብ መጣ። ልጆቹ ሁሉ እየተንጫጩ ወደ ጎተራው ሮጡ። እኔ አገሩ አልገባኝምና ወደ ቤቱ ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። በመካከላችን ያለው ግቢ ውኃ ሞላው። ከጎተራው አንዲት ትንሽ ልጅ አንገቷን አውጥታ ወደ እኔ ጠቆመች።

"ያቺ ማናት?" አለችው።

"የሰቆጣዋ እህቴ ናት" አላት ወንድሜ። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት፣ እሷ የሌላት ነገር እሱ እንዳለው ሁሉ። ከዚያ ወደ እኔ እጁን አውለበለበ። እኔም አውለበለብኩለት፣ ዝናቡ እስኪያባራም እዚያው ቆምኩ።